ልጄ ስድስት ኪሎ አካባቢ ቤት ልትከራይ ነው

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ ነው። ሴት ልጄን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብሏታል፤ ማደሪያ ግን የለም ተብላለች። አባቷ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው እህቱ ዘንድ ትቀመጥ ባይ ነው። እሷ ደግሞ ከጓደኛዬ ጋር ስድስት ኪሎ አካባቢ ካልተከራየሁ ብላ ሙጭጭ ብላለች። እኔ የዩኒቨርሲቲ ሰፈር ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ታላቅ ወንድሟን ልጠይቅ የተማረበት ከተማ ሄጄ፣ ከግቢው በር ጀምሮ ጫት ቤትና ፔንሲዮን ብቻ ነበር። ልጁም ሦስተኛ ዓመት ላይ ከእጄ ሊወጣ ለጥቂት ነው የተረፈው። ስድስት ኪሎም ከዚያ አይሻልም ይሉኛል። ደላላው የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈላችሁ ቤት የለም ብሏቸዋል። እሺ ልበላት ወይስ እምቢ? እሺ ካልኩስ በየት በኩል ብትከራይ ይሻላል?»

የልጅ ነገር የጨነቃት፣ ከደሴ

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ።

በደላላው ልጀምር፤ የሱ ነገር ጊዜ አይሰጥም። ልጅዎ እስካሁን ካልከፈለች አትክፈል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል ሕግ አለ፤ አዲስ አበባ ላይ ይሠራል። በዚህ ሕግ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ነው የሚገባው፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው የሚከፈለው። ስድስት ወር ያለው ደላላ ሕጉን ሳይሰማ ቀርቶ አይመስለኝም፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ሁለት ልጆች አልሰሙም ብሎ ነው። በተግባር ሕጉን የሚሸሽ አከራይ ሞልቷል፣ ይኸን አልደብቅዎትም። ቢሆንም «ወረዳ ሄጄ ውል አላስመዘግብም» የሚል አከራይ ካጋጠማት፣ የክፍሉን ስፋት ከመለካቷ በፊት ለምን ብላ ትጠይቅ። ግብር ሽሽት ሊሆን ይችላል። ቤቱ የሰውየው አለመሆኑም ሊሆን ይችላል፤ እሱን ከታች አነሳዋለሁ።

አሁን ወደ ሰፈሩ ልምጣ። እርስዎ ያዩት ዓይነት ሰፈር አለ፣ በዓይንዎ ያዩትን ልክድዎት አልችልም። ከ1990ዎቹ ወዲህ በየክልሉ ከተሞች ከተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎች ብዙዎቹ ከከተማው ወጣ ብለው፣ እርሻና ግጦሽ በነበረ መሬት ላይ ነው የተሠሩት። መጀመሪያ አጥሩ ይታጠራል፣ ተማሪው ይመጣል፣ ከዚያ ከአጥሩ ማዶ ቆርቆሮ መመታት ይጀምራል። ቆርቆሮው ሥር የሚሸጠው ተማሪ የሚገዛው ነው፦ ፎቶ ኮፒ፣ ሽሮ፣ ፑል፣ ጫት፣ አልጋ። ያን ሰፈር የፈጠረው ተማሪው ራሱ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ በእኩለ ቀን ጫት ቤት ሲገባ «አንተ፣ ዛሬ ክፍል የለህም እንዴ?» የሚለው ሰው እዚያ አይገኝም፤ ያለው ሰው ሁሉ ሊሸጥለት የተቀመጠ ነው። ወንድ ልጅዎን ያስቸገረው ይኸ ይመስለኛል።

ስድስት ኪሎ ላይ ግን ቀድሞ የነበረው ሰፈሩ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ኋላ የገባ ነው። ትምህርቱ በ1943 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት የተጀመረው አራት ኪሎ ነው። ስድስት ኪሎ ያኔ ቤተ መንግሥት ነበር፣ ገነተ ልዑል። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ነው ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት፤ በሙከራው የታገቱት ባለሥልጣናት የተረሸኑትም እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። ዛሬ ያ ሕንፃ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው፤ ሙዚየምም አለው፣ የንጉሡ መኝታ ቤት ሳይቀር ይጎበኛል። ልጅዎን ሊጠይቁ ሲመጡ ይግቡና ይዩት። ለማንኛውም ተማሪው ወደዚያ ግቢ ሲገባ ጃንሜዳው ነበር፣ ሆስፒታሉ ነበር፣ ኤምባሲዎቹ ነበሩ፣ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ሸማኔዎቹ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ተማሪ ኖረም አልኖረም የራሳቸው ጉዳይ ያላቸው ናቸው።

ከዚያ 1967 መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ትርፍ ቤቱን ሁሉ ወረሰ፣ የተወረሰው የቀበሌ ቤት ሆነ፣ ኪራዩም ለአሥርት ዓመታት ጥቂት ብር ሆኖ ቆየ። እንዲህ ባለ ኪራይ የገባ ሰው አይወጣም። ስለዚህ በግቢው ዙሪያ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ በር የሚገቡበት ቤት ብዙ ነው። ዕድሩ የቆየ ነው፣ ማኅበሩ የቆየ ነው፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፤ ቤቱ አርጅቷል፣ መጸዳጃው የጋራ ነው፣ ክፍሉ በኮምፔንሳቶ እየተከፈለ ጠቧል። ልጅዎ ደሴ የለመደችውን ሰፊ ግቢ እዚህ አታገኝም።

እንግዲህ እኔ የግቢ ዙሪያ ሰፈር የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ተማሪው ሲሄድ ማን ይቀራል? ክረምት ላይ ሱቁ፣ ሻይ ቤቱ፣ መንገዱ ጭር የሚል ከሆነ ሰፈሩ የተማሪ ገበያ ነበር ማለት ነው። ክረምትም እንደ ሚያዝያው የሚውል ከሆነ ነዋሪ አለው። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ደግሞ በነሐሴ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ልጅዎ አሁኑኑ መጥታ ትይ። አንድ ነገር ግን ትጠንቀቅ፤ በክረምት መርሐ ግብር ለመማር ከየክልሉ የሚመጡ መምህራን ግቢውንና ዙሪያውን ይሞላሉ። ጎልማሶች ናቸው፣ ደብተር ይዘው ሲያልፉ ታውቃቸዋለች፤ እነሱን ነዋሪ ብላ እንዳትቆጥር።

የክረምት ቤት ፍለጋ ሌላም ጥቅም አለው። መስከረም ላይ የሚታየው ቤት ሁሉ ደረቅ ነው። ነሐሴ ላይ ግን የሚያፈሰው ጣሪያ ያፈሳል፣ ኮርኒሱ ላይ ቡናማው ክብ ይታያል፣ ከወለሉ ወደ ላይ አንድ ክንድ ያህል ግድግዳው ረጥቦ ኖራው ይነሳል። በእጇ ትንካው። አዲስ ቀለም ከተቀባም በተለይ የአልጋው ራስጌ የሚሆንበትን ጥግ ትሽተት፤ ሻጋታ በቀለም አይጠፋም። ባለፈው ዓመት አንዲት አንባቢ እንዲህ ያለ ክፍል ተከራይታ ጥር ድረስ ስትስል እንደከረመች ጽፋልኝ ነበር።

ወደ ጎኖቹ ልምጣ። ስድስት ኪሎ ሲባል አንድ ሰፈር አይምሰልዎት፤ ከአደባባዩ በየትኛው መንገድ እንደሚወጡ ነው ነገሩ።

ሽቅብ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ካለፉ ሽሮ ሜዳ ነው። የሀገር ልብስ ገበያውን ስሙን ሰምተውት ይሆናል፤ ከገበያው ጀርባ ያለውን ግን ሰው እምብዛም አያይም። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ልጅ ወልደው፣ ልጅ ድረው የኖሩበት ነው። አንዱ ግቢ ቢገቡ፣ አባወራው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ የሽመና ዕቃው ሥር ተቀምጧል። መወርወሪያው ከግራ ቀኝ ይሮጣል፣ መምቻው ይከተላል፤ ጥለቱ ላይ ሲደርስ እጁ ይዘገያል፣ ክር በክር እየቆጠረ ያነሳል። ከበሩ ጎን ልጁ ማግ ያጠነጥናል። የሚከራየው ክፍል ብዙውን ጊዜ ከዚህ ቤት ጀርባ የተቀጠለ ሰርቪስ ነው። እንግዲህ ልጅዎ የምትኖረው ከሠራተኛ ሰው ጋር ነው። ጠዋት የሚነሳ፣ ማታ የሚደክመው፣ ሰካራም በግቢው እንዲያልፍ የማይፈቅድ ሰው ነው። ድምፁ ግን አለ። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ጥምቀት፣ ፋሲካ ሊደርስ ሲል ሥራው ሌሊት ይገባል፣ መምቻውም እስከዚያው ይመታል። ፈተና ላይ ይኸ የሚያስጨንቃት ከሆነ አስቀድማ ትወቅ። ብርዱም ቀላል አይደለም፤ እንጦጦ ሥር ነው፣ የደሴ ልጅ ግን ለብርድ እንግዳ አይደለችም። ወደ ግቢው ቁልቁል ስለሆነ ጠዋት በእግር መውረድ ይቻላል፣ ማታ ግን ታክሲ ያስፈልጋታል። ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዋና መንገድ ዳር ያለውን ክፍል ትለፈው፤ የኮሪደር ልማቱ በዚያም መጥቷልና ገባ ያለው ይሻላታል።

በጃንሜዳ በኩል ወደ ምሥራቅ ከሄዱ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። እኔ እዚያ ያደግሁ ስለሆንኩ ማዳላቴ አይቀርም፤ እርስዎም ቀንሰው ያንብቡኝ። የኤምባሲው ደን፣ አቦ፣ ጉራራ ኪዳነ ምሕረት፣ ግቢ ያላቸው የቆዩ ቤቶች፣ በየግቢው ጓሮ ሁለት ሦስት ሰርቪስ። አከራዮቹ አብዛኞቹ እዚያው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ እትዬዎች ናቸው፣ እና ከኪራዩ በፊት የሚጠይቁት «ሀገርሽ የት ነው? እናትሽ አለች?» የሚል ነው። አንዳንዷ የእርስዎን ስልክ ቁጥር ትቀበላለች፣ ትደውላለችም። ልጅዎ ይኸን ላትወደው ትችላለች። እትዬዋ በሩን ማታ በሦስት ሰዓት ትቆልፋለች፣ «እንግዳ አላስገባም» ትላለች፣ መብራት ሲበዛ ቆጣሪው ላይ ታፈጣለች። እርስዎ ሲሰሙት ደስ ይልዎት ይሆናል። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ግን ከቤተ መጻሕፍት አምሽታ የምትመለስባቸው ቀናት አሉ። ስለዚህ የበሩ ሰዓት ከመግባቷ በፊት በንግግር ይለቅ፤ ከሁለቱ አንዷ ቁልፍ ትያዝ። የሰፈሩ ችግር መጓጓዣ ነው፤ በሥራ መውጫ ሰዓት የፈረንሳይ ታክሲ ሰልፍ ትዕግሥት ይጠይቃል። በጥምቀት ደግሞ ታቦታቱ ጃንሜዳ ስለሚያድሩ ከጥር 10 ጀምሮ መንገዱ ይዘጋል፤ በእግር መሄድ ብቻ ነው፣ እሱ ግን የሚያስመርር አይደለም።

አምስት ኪሎና አራት ኪሎ መካከል ብትፈልግ ጊዜዋን ታባክናለች። የቴክኖሎጂው ግቢ፣ ብሔራዊ ሙዚየሙ፣ ቅድስት ማርያም፣ መንበረ ፓትርያርኩ፣ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ብርሃንና ሰላም፤ አብዛኛውን ቦታ የያዙት እነዚህ ናቸው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳም ሆነ በቀበና ወደ መገናኛ የነበሩት የቀበሌ ቤቶች በ2016ቱ የኮሪደር ልማት ፈርሰዋል፤ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ሄዷል። አሁን መንገዱ ሰፊ ነው፣ ማታ መብራቱ ቦግ ብሎ ሰው ይንሸራሸርበታል፣ አንዲት ልጅ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሳትሸማቀቅ የምታልፍበት ሆኗል። የእግረኛ መንገዱን አደንቃለሁ። ኪራይ ቤት ግን የለም፣ የተገኘውም ለባለ ደመወዝ እንጂ ለተማሪ አይሆንም።

ግንፍሌንና ቀበናን፣ ከወንዙ ዳር ያለውን በተለይ፣ አሁን አልመክርም። የወንዝ ዳር ልማቱ እየሄደ ነው፤ ዛሬ የተፈረመ የሁለት ዓመት ውል ነገ በቀይ ቀለም ምልክት ይሻራል። አፍንጮ በር ቁልቁል ወደ ፒያሳ ነው። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 የተመታው በዚያ አካባቢ ነው፣ አባትዋ ዕድሜው ከደረሰ ያስታውሰዋል። መጠጥ ቤቱ ከሌሎቹ ጎኖች ይበዛል። ቤት ርካሽ ቢገኝ እንኳ ማታ ብቻዋን የምትወጣው ዳገት አይደለም።

ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ስላለው ደግሞ ልንገርዎት፣ ሰው የሚያስፈራራዎት በሱ ስለሆነ። የኮፒና የጥራዝ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ጀበና ቡና፣ ሻይ በፓስቲ፣ በወር ኮንትራት የሚያበላ ምግብ ቤት፣ ታክሲ የሚጠራ ረዳት። ጫት ቤት የለም ብዬ አልዋሽዎትም፤ ገባ ካሉ አለ። እዚህ አገር ጫት ቤት የሌለበት ሰፈር ከፈለጉ ልጅዎን ገዳም ነው የሚያስገቧት። የሚያሳስበኝ ለከፋው ነው። በር ላይና ታክሲ መያዣው ላይ የሚቆሙ ጎረምሶች አሉ፣ ስልክ የሚነጥቅም አለ። ስልኳን በእጇ ይዛ አትሂድ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከጓደኛዋ ጋር ትውጣ ትግባ። ሰፈሩ ውስጥ ፊቷ ከታወቀ ለከፋው ይቀንሳል፤ የሰፈር ልጅ የሰፈር ልጅ አይለክፍም፣ እንዲያውም ለሌላው «ተዋት፣ የእትዬ እገሊት ልጅ ናት» ይላል። ይኸም ነዋሪ ያለበት ሰፈር ትፈልግ ያልኩበት ሌላው ምክንያት ነው።

ቃል በገባሁት መሠረት ወደ ቀበሌ ቤት ልመለስ። በግቢው ዙሪያ ከሚከራዩት ክፍሎች ጥቂት የማይባሉት የቀበሌ ቤት ውስጥ ያሉ ናቸው፤ የመንግሥት ተከራይ የሆነ ሰው አንዱን ክፍል ለሌላ ያከራያል። ይኸ አይፈቀድም። ሰውየው ደግ ሊሆን ይችላል፣ ኪራዩም ሊረክስ ይችላል፣ ነገር ግን ውሉ አይመዘገብም፤ አንድ ቀን ወረዳው መጥቶ ቢጠይቅ ልጅዎ ከነሻንጣዋ መንገድ ላይ ናት፣ የምትከራከርበትም ወረቀት የላትም። ስለዚህ የቤቱን ካርታ ወይም ሌላ የባለቤትነት ማስረጃ «አሳዩኝ» ትበል፣ አትፈር። ከዚያ ወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄዳ ያ አካባቢ በልማት የተያዘ እንደሆነ ትጠይቅ። ላይነግሯት ይችላሉ። ያን ጊዜ ባለሱቁን ትጠይቅ። የሰፈር ባለሱቅ ከወረዳው በፊት የሚሰማው ነገር አለ።

ባለሱቅ ካልኩ፣ ደላላውን ስለ ሰፈሩ አትጠይቀው፣ እሱ ኮሚሽኑን ነው የሚያየው። ከክፍሉ በታች ካለው ሱቅ ለስላሳ ገዝታ ቁጭ ትበል፤ እንጀራ የምትሸጠዋን ታናግር። «እዚህ ግቢ የነበሩት ተከራዮች ለምን ወጡ?» ብላ አንድ ጥያቄ ብትጥል የሚመጣው መልስ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ቀን ካየችው በኋላ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደግማ ትሂድ። ከታክሲ መውረጃው እስከ በሩ ስንት መብራት እንደሚበራ፣ ስንት ሱቅ ክፍት እንደሆነ፣ ውሻ እንዳለ ትይ። ውሃው በፈረቃ ነው፤ በሳምንት በስንተኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ሮቶው ለተከራይም እንደሚከፈት ትጠይቅ። ምጣድ መጠቀም ይፈቀዳል? ልብስ የት ይሰጣል? መጸዳጃውን ስንት ሰው ይጠቀማል? እንዲህ ዓይነቱን ነገር ጓደኛሞች ሲደሰቱ ይዘነጉታል፣ ጥቅምት ላይ ግን የሚጣሉት በሱ ነው። የኪራይ ዋጋ እዚህ አልጽፍልዎትም፤ ዓምዱ እስኪወጣ ይለወጣል።

ባለቤትዎ ስላሉት ስለ ኮዬ ፈጬ። አክስት ቤት ማለት ዘመድ ነው፣ ትኩስ ምግብ ነው፣ ኪራይም የለም፤ ሐሳባቸው የጤነኛ አባት ሐሳብ ነው። ግን ኮዬ ፈጬ የከተማው ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ነው፣ ስድስት ኪሎ ደግሞ ሰሜኑ ጫፍ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሳፍራ፣ ሰልፍ ቆማ ነው የምትደርሰው። አመሻሽ ላይ ክፍል ካላት ደግሞ በጨለማ ያንኑ መልሳ ትሄዳለች። እርስዎ የሚፈሩት በምሽት መንገድ ላይ መገኘቷን ከሆነ፣ ይበልጥ መንገድ ላይ የሚያስመሻት ኮዬ ፈጬ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ጽሑፍ ደግሞ ከቤተ መጻሕፍት ተለይቶ አይጻፍም፤ የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትም የጥናት ተቋሙም መጻሕፍት ያሉት ግቢው ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሑድ አክስቷ ዘንድ ትሂድ፣ ልብሷን ትጠብ፣ ወጥ በሳህን ተቋጥሮላት ትመለስ። በዚህ ባለቤትዎም እህታቸውም አይከፉም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግርዎት አላልፍም፣ ይቅር ይበሉኝ። ወንድ ልጅዎ ገና በለጋ ዕድሜው ማንም ወደማያውቀው ከተማ ሲሄድ ዘመድ ቤት አልተፈለገለትም። እሷ ዲግሪዋን ይዛ፣ ቤት ራሷ ፈልጋ፣ ጓደኛዋን መርጣ ፈቃድ እየጠየቀችዎት ነው። በወንድሟ የደረሰውን በሷ ላይ ማስላት አይገባትም። ስለዚህ መልሴ እሺ ይበሏት ነው። ከቻለች ፈረንሳይ፣ ካልሆነም ሽሮ ሜዳ፣ ባለቤቱ ግቢው ውስጥ የሚኖር ቤት፣ ወረዳ የተመዘገበ ውል።

የቀረው ጓደኛዋ ናት። በደብዳቤዎ ስለሷ የጻፉት አንድ ቃል ብቻ ነው። ሁለቱም ስማቸው ውሉ ላይ ይግባ፤ የአንዷ ስም ብቻ ከተጻፈ ሌላዋ አግብታ ወይም ሥራ አግኝታ በጥር ብትወጣ ሙሉ ኪራዩ በቀረችው ላይ ይወድቃል። ከመፈረማቸው በፊት አንዷ ብትወጣ ስንት ወር ቀድማ እንደምትናገርና የሷን ድርሻ ማን እንደሚከፍል በወረቀት ይጻፉ፣ ወረቀቱንም ፎቶ አንስተው ለእርስዎም ለጓደኛዋ እናትም ይላኩ። የጓደኛዋን እናት ስልክ ከሌለዎት ዛሬ ይቀበሏት።